ማሪሶል እግሯን ሰበሰበች

«ኖር! ኖር አባቴ፣ እዚህ ይቀመጡ!» ወይዘሮ የወርቅውሃ ከአውቶቡሱ መቀመጫ ብድግ አሉ።

ሐይቁ ዳር ያለው ሌክ ሜሪት ፌርማታ ላይ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ እንጂ ማንም አልተሳፈረም። አጠገባቸው የተቀመጠችው ልጃቸው ዮዳሄ ግን መጀመሪያ ልብ አላለችም። ከዳውንታውን ኦክላንድ ጀምሮ ዓይኗ ፊት ለፊታቸው ያለችው ሴትዮ ላይ ነው። ሰው መስረቅ ከተቻለ ሰርቃታለች።

ዮዳሄ ልብ ወለድ እየጻፈች ነው። ዋናዋ ባለታሪክ ማሪሶል ትባላለች፤ ከሜክሲኮ ከመጡ ወላጆች እዚሁ ኦክላንድ የተወለደች ቺካና፣ ሥራዋ መንፈስ ማደን። ዓመት ሙሉ ብትጽፋት ብትጽፋት ነፍስ አልዘራ አለች። ይቺ ሴትዮ ግን ይኸው፣ የተላጠ የጥፍር ቀለም፣ የጽዳት ሠራተኛ ሸሚዝ፣ ጭኗ ላይ በወረቀት ከረጢት ያለ ትኩስ ዳቦ። ሰው በተሳፈረ ቁጥር ፊቱን ትታ እግሩን ታያለች። ዮዳሄ በልቧ «ይቺን ለማሪሶል!» አለች።

«እማዬ፣ ለማን ነው የተነሳሽው?»

«ለእሳቸው ነዋ! ምን ነካሽ፣ እንዲህ አድርጌ ነው ያሳደግኩሽ?» እናቷ ባዶውን መቀመጫ በአገጫቸው አሳዩአት።

የዮዳሄ ልብ ድንግጥ አለ። ጠዋት ወንድሟ ናዖድ ከሳን ሆዜ ደውሎ ነበር። እሱ ሰፈር ካለው የአረጋውያን መኖሪያ አንድ ክፍል ተለቋል፣ ዛሬውኑ መልስ ይፈልጋሉ። «ብቻዋን እንደምታወራ ጎረቤቶቿ ነግረውኛል። ዛሬ አብረሻት ዋይና እውነቱን ንገሪኝ። አእምሮዋ ከሄደ ማመልከቻውን ሳብሚት አደርገዋለሁ» አላት። ዮዳሄም እናቴ ምንም አልሆነችም፣ ከቤቷ የሚያስወጣት የለም ብላ ጮኸችበት። እንግዲህ ይኸው።

እማዬ ብረቱን ይዘው ቆመው ጨዋታ ጀምረዋል። ባንክ ቤት ይሁን ሐኪም ቤት እሳቸው ከማንም ጋር በአማርኛ ነው የሚያወሩት። «ምነው እንዲህ በሰበሱ? በዚህ ፀሐይ! ሐይቁ ዳር ነበሩ እንዴ? ውይ የኔ አባት፣ የሚቀበልዎትም ሰው የለ? ቤታችን እኮ እዚሁ ነው። ጎራ ይበሉና አረፍ ብለው ይሄዳሉ። በሞቴ! እምቢ እንዳይሉኝ!»

እንዲህ ያለው ግብዣ መቼም የአፍ ነው። ጋባዡ «በሞቴ» ይላል፣ ተጋባዡ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሌላ ቀን» ይላል፣ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ። እማዬ ስንቱን መንገደኛ እንዲህ ጋብዘዋል፤ አንድም የገባ የለም።

ዮዳሄ እንባዋ ግጥም አለ። ስልኳን አውጥታ ለናዖድ «ልክ ነህ፣ ሳብሚት አድርገው» ብላ ጻፈች። ልትልከው ጣቷን ስታነሳ፣ ሴትዮዋ እግሯን ሰበሰበች።

እግሩን የዘረጋ ሰው እንዳትረግጥ ነው የሚመስለው። ጉልበቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ ዓይኗን ከባዶው መቀመጫ ሥር ወለሉ ላይ ተክላ፣ አማተበችና አውራ ጣቷን ሳመች። የዮዳሄዋ ማሪሶል መሣሪያ ታጥቃ ከጣሪያ ጣሪያ ትዘላለች። ለሙት መንገድ ለቃ ዳቦዋን አቅፋ ትቀመጣለች ብሎ ማን አሰበ!

«ይታዩሻል?» አለቻት ዮዳሄ በእንግሊዝኛ።

«ጫማ የላቸውም» አለች ሴትዮዋ ቀስ ብላ። «ሁልጊዜ ከሐይቁ ነው የሚሳፈሩት። እስከ ዛሬ ማንም ተነስቶላቸው አያውቅም።»

ደስታው ከፍርሃቱ ቀድሞ መጣ። እናቴ አላበደችም! ሴትዮዋን አቅፋ ልትስማት ምንም አልቀራት። የጻፈችውን መልእክት ድምጥማጡን አጠፋችው።

«እናትሽ ምን እያሉ ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ቤት ይግቡ እያለቻቸው ነው» ዮዳሄ ሳቀች። «የአክብሮት ነው፤ ማንም እሺ አይልም።»

ሴትዮዋ አልሳቀችም። «አያቴ እንዲህ ያሉትን መንገድ ጠርጋ ትሸኝ ነበር እንጂ አትጠራም። ተጠርቶ የገባ አይወጣም።» ከዚያ ባዶውን መቀመጫ ደግማ አየችና ከረጢቷን ወደ ደረቷ ሳበች። «እሺ ብለው ተነሱ» አለች።

አውቶቡሱ ቆመ። ሾፌሩ ለእማዬ መውጫውን ወደ መሬት ዝቅ አደረገላቸው። እሳቸው ወርደው ከእግረኛው መንገድ ላይ እጃቸውን ዘረጉ። ፊታቸው እንዲህ ፈክቶ ዮዳሄ ካየችው ቆይቷል። «ቀስ ብለው፣ አባቴ። ልጄ ትደግፍዎታለች።»

ዮዳሄ በሩ ላይ ቆመች። «ይቅር እማዬ፣ ተያቸው» ለማለት አፏን ስትከፍት ስልኳ ጠራ።

«እሺ፣ ምን ልበላቸው?» አለ ናዖድ። «እየጠበቁኝ ነው።»

እንግዳውን እምቢ ብትል ናዖድ ይሰማል፤ እማዬ ከማን ጋር ሲያወሩ ነበር ልትለው ነው? እናቷን አየች፤ ከዚያ ከኋላዋ ያለውን ክፍት ቦታ።

«እማዬ ደህና ናት» አለችው።

«እርግጠኛ ነሽ?»

አንድ እጅ ትከሻዋ ላይ አረፈ። አጥንቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር የሽማግሌ እጅ ነው፤ ሊወርድ ሲል ሙሉ ክብደቱን ጣለባት።

«እርግጠኛ ነኝ» አለች ዮዳሄ፤ እንዳይወድቁ ቀጥ ብላ ቆመችላቸው።