ሶዳ ያልነካው ብርጭቆ

«የወርቅ ሜዳሊያ ያገኘ ነው፣ አባዬ!» ይላል ፋቢያን፣ የሚስቴ ወንድም። ጠርሙሱን ክርስትና እንደሚነሳ ሕፃን በሁለት እጁ ታቅፎታል። «ቦነስ አይረስ ያሉ ቱጃሮች ናቸው የሚጠጡት።»

እኔ እሳቱ አጠገብ ቆሜያለሁ። እሑድ እሑድ ቦታዬ ይኸው ነው። ሌላው ከወይን ዳሱ ጥላ ሥር ተቀምጦ ይሳሳቃል፣ እኔ ፍም እየጫርኩ ጎድን እገለብጣለሁ። የቤቱ አማች ነኝ፤ ጭሱ የኔ ነው።

ከአማቴ ከዶን ቤሊሳሪዮ ፊት ብርጭቆና የሶዳ ጠርሙስ ተቀምጠዋል። ያቺን ጠርሙስ አውቃታለሁ። አፏ ላይ ያለውን ብረት ሲጫኗት ፊሽ ብላ ትረጫለች። በኛ አገር ወይን ላይ ሶዳ መጨመር ነውር የለውም፤ ሙቀቱ ነው፣ ልማዱም ነው። አማቴ ግን የራሳቸውን ወይን ሶዳ አያስነኩትም። የጎረቤት ከሆነ ቀምሰው ያስባሉ። የኔን አይቀምሱም። ገና ሲቀዳ ፊሽ! ቀዩ ወይን የከረሜላ ውሃ እስኪመስል ድረስ። ይኸው ሃያ ዓመት፣ የኔን ወይን ጣዕም አያውቁትም።

ሚርታን ሳገባ ድርሻ ብለው የሰጡኝ ወንዙ ዳር ያለውን፣ ፍየል እንኳ የማይቆምበትን ኮረታም መሬት ነው። ሠርጌ ላይ፣ በሰው ፊት፣ «ለድንጋይ ልጅ ድንጋይ ይበቃዋል» አሉ። ሰዉ ሳቀ። ከሰሜን መጥቶ የሰው ወይን ሲለቅም ያረጀው አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። እሱም አብሮ ሳቀ። የሌላውን ሳቅ ረስቼዋለሁ። የአባቴን ግን አልረሳሁም።

የመስኖ ውሃ ተራ ሲወጣም የመጨረሻው እኔ ነኝ። ቦዩ ጭቃ ሲቀረው ነው የሚደርሰኝ። ወይኖቼ እየጠማቸው አደጉ፤ ፍሬያቸው ደቃቃ፣ ልጣጫቸው ወፍራም። «ይሄ ወይን ነው የፍየል በጠጥ?» ይለኛል ፋቢያን በየመከሩ።

ዛሬ ግን ከማገዶው ጀርባ፣ ጥላ ውስጥ፣ ስም ያልተለጠፈበት ጠርሙስ አቁሜያለሁ። ሁለት ዓመት በርሜል ውስጥ ያስተኛሁት፣ ማልቤክ የሚሉት ጥቁር ወይን ነው። ሚርታ ትናንት ቀምሳው ዝም አለች። ሚርታ ደግሞ ዝም የምትል ሴት አይደለችም።

ምስጋና አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ጉንጭ ነው፤ ያለ ሶዳ። ዛሬም ፊሽ ካሉብኝ ተክሉን ከነሥሩ ነቅዬ መሬቱን ለፍየል እለቀዋለሁ። ለሚርታ ነግሬያታለሁ። ምዬላታለሁ።

ፋቢያን ይቀዳና የጠርሙሱን ጀርባ ያነባል። «የእንጆሪ፣ የትንባሆና የቆዳ መዓዛ አለው።»

«የምን ቆዳ?» ትላለች ሚርታ። «የጫማ ነው የኮርቻ?»

ጠረጴዛው በሳቅ ይናጋል። አማቴ አይስቁም። ይቀምሳሉ፣ ትንሽ ያስባሉ፣ ከዚያ እጃቸው ወደ ሶዳው ይሄዳል። ፊሽ!

«አባዬ! በዚህ ላይ?»

«ሞቆኛል» ይላሉ።

ጊዜው አሁን ነው። መቆስቆሻውን ጥዬ ጠርሙሴን አነሳለሁ። አዲስ ብርጭቆ ከፊታቸው አስቀምጬ እቀዳለሁ። ይጠቁራል ወይኑ፤ ጣቴ በወዲያ በኩል አይታይም።

«ምንድነው ይሄ ደግሞ?»

«የድንጋዩ ነው፣ ዶን ቤሊሳሪዮ።»

«ሶዳው ይበቃሃል አባዬ፣ ወይስ ሌላ ይምጣልህ?» ይላል ፋቢያን። አንድ ሁለቱ ያሽካካሉ። የሽማግሌው እጅ በለመደው መንገድ ሄዶ ብረቱ ላይ ያርፋል።

«መጀመሪያ ይቅመሱት» እላለሁ። «ከዚያ ከፈለጉ እግርዎን ይታጠቡበት።»

ሹካ የያዘው እንደያዘ ቀረ። እዚህ ቤት እንዲህ ተናግሬ አላውቅም።

«ምን አልክ?»

«ይቅመሱት ነው ያልኩት።»

ዓይን ለዓይን እንተያያለን። ዓይኔን አልሰብርም። እጃቸው ከብረቱ ላይ ይነሳል። ብርጭቆውን ያነሳሉ።

አይውጡትም ቶሎ። አፋቸው ውስጥ ይዘው ፊታቸውን ወደ ወንዙ፣ ወደ ኮረቱ ያዞራሉ። ይውጣሉ። እንደገና ይጎነጫሉ።

«ውሃ መቼ ነው የሚደርስህ?» ይላሉ ዓይናቸውን ሳይመልሱ።

«መጨረሻ።»

«ሁልጊዜ?»

«እርስዎ ባወጡት ተራ።»

ብርጭቆውን እስከ ጠብታው ይጨልጣሉ። ከዚያ የሶዳውን ጠርሙስ በእጃቸው ጀርባ ገፋ ገፋ አድርገው ፋቢያን ደረት ሥር ያደርሱታል።

«ያንተን ወይን ጨርስበት።»

ማንም አይስቅም። ሚርታ ብቻ አፏን በፎጣ ይዛለች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሽማግሌው ባዶውን ብርጭቆ፣ ክንዳቸውን እስከ ጫፍ ዘርግተው፣ ወደኔ ያቀርቡታል።

«ቅዳ።»

«ናዛሬኖ!» ይጮህብኛል አንዱ ከወዲያ ጫፍ። «ጎድኑ አረረ እኮ!»

«ይረር» እላለሁ፣ ዞር ሳልል።

ሽታው ይመጣል፤ ጭሱ ከኋላዬ ዳሱን ያለብሰዋል። እኔ እቀዳለሁ። ቀስ ብዬ፣ ጠብታ ሳላፈስ። ጥቁር ቀዩ ወይን እስከ ብርጭቆው አፍ ድረስ ይወጣል፤ የያዘው የአማቴ እጅም፣ እስኪሞላ ድረስ፣ ተዘርግቶ ይጠብቃል።