ሌሊት የማይነሳው ሰውዬ

እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ሐኪም ለጠየቃት ሁሉ እውነቱን ብቻ የምትመልስ ሴት ምን ትባላለች?

ፕሮፌሰሩ "ተንኮለኛ" ብሏታል። ከዚያ በፊት ግን "እማማ" ይላት ነበር።

ሰውዬው የሽንት ሐኪም ነው። ባልደረቦቹ በሌለበት "የፊኛው ንጉሥ" ይሉታል፤ እሱም ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል፤ ንጉሥ መባሉን ወዶታል። ሽማግሌዎችን በየሌሊቱ ከአልጋ እየጎተተ የሚያስነሳውን የሽንት ምልልስ የሚያቆም ክኒን ሠርቷል። የክኒኑ ምስክሮች ደግሞ ሚስቶች ናቸው። ባል ስንት ጊዜ እንደተነሳ ይረሳል፤ ሚስት ግን እንቅልፍ የነሳትን ሰው አትረሳም። ስለዚህ ነርሷ በየሳምንቱ ለሚስቶቹ ትደውላለች።

ጥያቄዎቹን ያወጣው እሱ ራሱ ነው። መጨረሻ ላይ "ሌላ የሚሉት ነገር አለ?" የሚል ነበረበት፤ ሰረዘው።

"ባልቴት ወሬ ከጀመረች ስልኩ አይዘጋም" አላት ነርሷን።

ከበሽተኞቹ ሁሉ በውጤት የበለጠው አንድ ጡረተኛ ሰዓት ሠሪ ነው። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ሚስቱ ራሷ ደወለች፤ ስልኩን ያነሳው ፕሮፌሰሩ ነበር።

"ዶክተር፣ ከትናንት ጀምሮ ሽንት ጠብ አላለለትም እኮ!"

"እሰይ! ታዲያ ለዚህ አይደል የሰጠነው? እማማ፣ ክኒኑን እንዳያቋርጡበት።"

"ሆዱ ግን..."

"ይለምደዋል" ብሎ ዘጋው። ያን ቀን ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ኬክ ጋበዘ።

ከዚያ ወዲህ የሴትዮዋ መልስ እንደ ጸሎት የማይለወጥ ሆነ።

"በሌሊት ይነሳሉ?" ትላለች ነርሷ።

"አይነሳም።"

"ሽንት ያጣድፋቸዋል?"

"አያጣድፈውም።"

"በክኒኑ ያማርራሉ?"

"ትንፍሽ አይልም።"

ፕሮፌሰሩ ይህን ለመጣ እንግዳ ሁሉ በቃሉ ያነበንብ ጀመር። ትልቁ ጉባኤ ሲቃረብ ግን በዓመቱ ሽልማት የሚፎካከረው የኩላሊት ሐኪም አላገጠበት፤ "ቁጥርማ ማንም ይደረድራል። የዳነ ሰው ካለው መድረክ ላይ ያውጣልን!"

ነርሷ ሰዓት ሠሪውን ለጉባኤው ልትጠራ ደወለች። ሴትዮዋ "አይመጣም" አለች። ለምን ስትባል "አይችልም" ብላ ዘጋች።

ፕሮፌሰሩ ደሙ ፈላ።

"ገዝቷታል! ያ እባብ በሽተኛዬን ገዛብኝ! እሷም ተንኮለኛ ናት!"

በጉባኤው ጠዋት ለሰዓት ሠሪው አዲስ ሱፍ ገዝቶ ቤታቸው ሄደ። ሴትዮዋ በጥቁር ሹራቧ በሩን ከፈተች። የሳሎኑ ግድግዳ ሰዓት በሰዓት ነው፤ አንዱ ሦስት ይላል፣ አንዱ ዘጠኝ፣ የሚቆጥር ግን የለም። ጠረጴዛው ላይ አንድ ብርጭቆ ተቀምጧል። ፕሮፌሰሩ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ ረፍዷል።

"እማማ፣ ሰውዬውን የት ደበቋቸው?"

"ማን ደበቀው? ይምጡ፣ ካለበት ላድርስዎት።"

መኪና ውስጥ ሾፌሩን እሷ መራችው፤ በግራ፣ በቀኝ፣ ከዚያ ዳገቱን። የኩላሊቱ ሐኪም ክሊኒክ ያለው በዚሁ መንገድ ነው። ፕሮፌሰሩ ጥርሱን ነከሰ።

"ስንት ሰጠዎት?"

"ማን?"

"የኩላሊቱ ነዋ! ማን ይሆናል?"

"እሱማ ያኔ ሆዱ ሲነፋ ብነግረው 'አሁኑኑ አምጪው' ብሎኝ ነበር። 'የለም፣ የኛ ዶክተር ያውቃል' ብዬ እኔ ነኝ የቀረሁት።"

"ጎበዝ!" አለ ፕሮፌሰሩ፤ ፊቱ በራ። "እንዲህ ነው እምነት!"

ክሊኒኩን አልፈው ሄዱ። ከረጅሙ የድንጋይ አጥር በር ሲደርሱ ሾፌሩ ማንም ሳያዘው ሬዲዮውን ዘጋ።

ሴትዮዋ ቀድማ ወረደች። ፕሮፌሰሩ ሱፉን በክንዱ እንደያዘ ተከተላት። ከዛፎቹ ሥር ስትደርስ ሱፉን ተቀብላው፣ ሣር በወረሰው አፈር ላይ ደረቱን ወደ ላይ፣ እጅጌውን ግራና ቀኝ አድርጋ ዘረጋችው።

"ይቅር..." አለ ፕሮፌሰሩ።

"አልልም። 'እሰይ' ያልከኝን አንተን፣ 'በሕይወት አለ ወይ' ብላ ያልጠየቀችኝን ነርስህን፣ ክኒኑን በእጄ ያጎረስኩትን እኔን፣ አንዳችንንም ይቅር አልልም።"