የአየር ጠመንጃው ክዳን

ኒጀል አየር የሚያፈሰውን የክዳኑን የጎማ ቀለበት ሊቀይር ከጎተራው አጠገብ የአየር ጠመንጃውን የታመቀ አየር መያዣ ሲሊንደር በሞርሳ አሰረና ክዳኑን በመፍቻ መፍታት ጀመረ። ሚስቱ ሂልዳ ቀዳዳው የት እንደሆነ ለማየት የክዳኑን ዙሪያ ሳሙና ቀብታው ነበር።

"የአየር መለኪያው ጌጅ ዜሮ ነው። አየሩ ወጥቷል" አላት።

ክዳኑ ትንሽ ሲዞር ሳሙናው ላይ አንዲት አረፋ አብጣ ፈነዳች። ወዲያው ሌላ ተከተለች። ሂልዳ ቀና አለች። ክዳኑ የባሏን ደረት ፊት ለፊት ያያል፤ ቢፈናጠር ይመታዋል።

"የኔ ፍቅር፣ እጅህን አንሳ" አለችው በቀስታ።

"ጌጁ እኮ..."

"ጌጁ ተበላሽቷል፤ ሲሊንደሩ ውስጥ አየር አለ። ወደ ጎን ውጣ።"

አረፋውን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ። መፍቻውን እዚያው ትቶ ቀስ ብሎ ወደ እሷ መጣ። እጅጌውን ይዛ ወደ ጎተራው ግንብ ጀርባ ወሰደችው፤ የሚወጣው አየር ፉጨት እስኪያበቃ እዚያ ቆሙ።

"ሻይ ላፍላልሽ?" አላት በመጨረሻ።

"አፍላ" አለችው፤ እጅጌውን ግን አልለቀቀችለትም።