የመቆሚያ ታሪፍ

መሀል ከተማ የመኪና ማቆሚያ ታሪፍ ለእግረኛም ከወጣ ወዲህ፣ ቆሞ ሰላም የሚል ሰው ጠፋ። ሰው በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወጣል።

ባሌ ሽብሩ እዚያው ደረቱን ይዞ ወደቀ። “የሰው ያለህ!” ብዬ ጮህኩ። እንደ ወጉ ከበቡን፤ ምሰሶው ላይ ያለው የታሪፍ ቆጣሪ እየጮኸ ሽቅብ ሲሮጥ ግን መቆሙን ትተው በዙሪያችን እየተራመዱ ይዞሩ ጀመር።

“እማማ፣ ውሃ ይስጧቸው!” አለኝ አንዱ ጎልማሳ እየተራመደ።

“ውሃህን ለራስህ! ይልቅ ቁምና እግሩን ያዝልኝ!”

“ብቆም እኮ ደመወዜን ይበላዋል!”

የሽብሩ ከንፈር ጠቆረ። ሰውየው ዞሮ ሲመጣ ኮቱን ጨምድጄ ያዝኩት።

“ይልቀቁኝ እማማ!”

“አለቅህም! እናት ከወለደችህ ቁም!”

ቆመ። ዓይኑን ከቆጣሪው ሳይነቅል የሽብሩን እግር አነሳ፣ እኔም ብብቱን ይዤ አነሳሁት። መራመድ ስንጀምር ቆጣሪው ዝም አለ፤ ሽብሩ ግን ቀድሞት ዝም ብሎ ነበር።