ሲሄድ አሥራ አንድ፣ ሲመለስ ዘጠኝ

ልብስ ሰፊው በሜትር ያልለካውን ነገር አያምንም። አንዲት ልጁ ልታገባው ያሰበችውን ሰው ወገቡንም ትከሻውንም ለክቶታል። አመሉን የሚለካበት ግን አላገኘም።

እጮኛዋ «የምሠራው ባሕር ማዶ፣ ሩቅ ከተማ ነው» ብሏቸዋል። በሦስት ወር አንዴ ለሳምንት ብቅ ይላል። እንደ ሌላው መንገደኛ እንቅልፍ አጣሁ፣ ደከመኝ አይልም። ጨዋ ነው። ነገ ውሃ ይጠፋል ብሎ በርሜሉን ሞልቶላቸው የሚሄድበት ቀን ሁሉ አለ።

«በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?» አለው ልብስ ሰፊው፣ ለወሬ ያህል።

«ስሄድ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ስመጣ ዘጠኝ ነው፣ አባባ።»

የልብስ ሰፊው ጆሮ ቆመ። እንግዳው እንደወጣ ልጁ ተማሪ ሳለች የገዛላትን የዓለም ካርታ ያለበት ሉል ከቁም ሳጥን አናት አወረደ። ክር መዝዞ ከከተማ ከተማ ለካ፤ ገልብጦም ለካ። አንዲት ጣት እንኳ ልዩነት የለውም።

«ሰውዬሽ ይዋሻል» አላት። «ሱሪ ከወገብ ወደ ታች ለካሽው፣ ከታች ወደ ወገብ ለካሽው፣ ርዝመቱ ያው ነው።»

«አባዬ፣ በሁለት ሰዓት ልዩነት ትዳሬን ልታፈርስ ነው?»

«በሁለት ሰዓት የዋሸሽ በሌላው አይዋሽሽም? ይሄን ጉድ ሳላጣራ አልመርቅም።»

ሦስት ቀን አኮረፈችው። ምግቧን ይዛ ክፍሏ ስትገባ እስከ በሩ ይከተላታል፤ ግን አንዴ ድርቅ ብሏል። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያለችው እሷ ብቻ ናት፣ ለማንም አንስቶ አይሰጣትም።

በአራተኛው ቀን ልጅቷ እጮኛዋንና አውሮፕላን የሚጠግነውን ጎረቤታቸውን ይዛ መጣች። ጎረቤቱ ሉሉንና ክሩን አይቶ ሳቁን ዋጠ።

«ጋሼ፣ እላይ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሲመጣ ከኋላ ይገፋዋል፣ ሲሄድ ፊት ለፊት ይገጥመዋል። መንገዱ ያው ነው፣ ሰዓቱ ግን ይለያያል። ልጁ ልክ ነው።»

ልብስ ሰፊው መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ክሩን ጠቅልሎ ኪሱ ከተተ።

«ይቅር በለኝ፣ ልጄ። ዕድሜዬን ከስፌት መኪና ጋር የጨረስኩ ሰው፣ የሰማይ ነፋስ የት አውቄ።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ አባባ። እኔም እርስዎን ብሆን እጠረጥር ነበር።»

ልብስ ሰፊው እዚያው መረቃቸው። የሰርጉን ሱፍ ራሱ ሊሰፋ ቃል ገባ፣ ቀንም ተቆረጠ። ልጅቷ አንገቱ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ በክር ያስለቀሳት ሦስት ቀን ቆጨው።

እጮኛዋ በሚሄድበት ቀን አባትና ልጅ እስከ አውሮፕላን ማረፊያው በር ሸኙት።

«አሥራ አንድ ሰዓት ነፋስ ይገጥምሃል፣ በርታ» አለው ልብስ ሰፊው።

ሰውየው ስቆ ሻንጣውን በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ ገባ። ልጅቷ እንባዋን እየጠረገች በታክሲ ወደ ሥራዋ ከነፈች። ልብስ ሰፊው እዚያው በር ላይ የቆመው የከተማ አውቶቡስ ውስጥ ገብቶ ከኋላ፣ መስኮት ጥግ ተቀመጠ። አውቶቡሱ እስኪሞላ ግማሽ ሰዓት ፈጀ። እሱ ግን ምን ገዶት፣ ለሱፉ ምን ዓይነት ገበር እንደሚሻል እያሰበ ነበር።

አውቶቡሱ ሊነሳ ሲል የልጁ እጮኛ እየሮጠ ተሳፈረ፤ ትኬት ቆራጩም ትከሻውን ቸብ አድርጎ፣ «ዛሬ ከሥራ ቀደም ብለህ ወጣህ። እንደ ሁልጊዜው አራተኛው ፌርማታ ነው አይደል?» አለው።