ስምሽ እዚህ ጋ ነው

«እማዬ፣ በቃ መጨረሻውን ንገሪኝ... አራት ቀን ነው የቀረኝ።»



እናትየዋ ክር የሌለውን የልብስ ስፌት መኪናዋን መርገጧን ቀጠለች... ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ዓይኗ ከጠፋ ስድስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ልብስ ስትሰፋ ነው የጠፋው። የሰፋችው ጨርቅ አንድ ላይ ቢቀጣጠል ጨረቃን ሁለቴ ዞሮ ለመቀነት ይተርፋል...

አጋነንክ ካላችሁኝ እሺ፣ አንዴ ይዙራት።

ሰፈሩ «እማማ መርፌ» ይላታል። ዛሬም መኪናውን ካልረገጠች ወሬ አይመጣላትም። ከረገጠች ግን... ያ ተረቷ የጎልማሳ ፀጉር ያቆማል።

ልጇ ስልኩን አጠገቧ አስቀምጦ ይሄዳል። ስልኩ ድምፅዋን እየሰማ ወደ ጽሑፍ ይቀይራል። እሱ ነጠላ ሰረዝና ሽፋን ይጨምርና ልብ ወለድ ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይሸጠዋል።

ዘጠኝ መጽሐፍ እንዲሁ ወጣ። አንባቢው ማር እንዳየ ጉንዳን ሰፈረበት።

ልጅ የመጋዘን ሥራውን ተወ። የሚሽከረከር ወንበር ገዛ። እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ፎቶ ተነሣ... የሚያስብ ይመስላል። ያን ቀን ያሰበው ፎቶው ማማሩን ብቻ ነው።

እናት የለመነችው አንድ ነገር ነበር።

«ስሜን ሽፋኑ ላይ... ጥግ ላይም ቢሆን አስገባልኝ።»

«አስገብቼዋለሁ እኮ እማዬ።»

«የት ጋ?»

ጣቷን ይዞ የስልኩ መስታወት ላይ አሳረፈው።

«እዚህ ጋ።»

ያ ጣት በጨለማ ሐርን ከጥጥ የሚለይ ጣት ነው። መስታወት ግን የትም ቢነኩት ያው መስታወት ነው...

ሽፋኑ ላይ የነበረው የልጁ ስም ብቻ ነበር።

ዘጠኝ ጊዜ ጠየቀችው። ዘጠኝ ጊዜ «እዚህ ጋ» አላት።

አሥረኛውን ስትጀምር፣ «ይሄ ለየት ይላል» አለችው።

ታሪኩ በሩ ላይ ስሙን በትልቁ ስላስጻፈ ሰው ነው። ሰውየው በየማለዳው ሲነሳ ከስሙ አንድ ፊደል ጠፍቶ ያገኛል። ፊደል በጠፋ ቁጥር ደግሞ አንድ የሚያውቀው ሰው ይረሳዋል...

ልጅ መግቢያውን ለአንባቢ አስቀመሰ። ሰው አበደ። ወዲያው ቀን ቆርጦ ቅድመ ሽያጭ ከፈተ።

የመሸጫው ገጽ ሕግ ግልጽ ነው። መጽሐፉ ሊወጣ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ስድስት ሰዓት ላይ፣ ሙሉው ጽሑፍ ይገባል። ከዚያ በኋላ አንዲት ነጥብ መንካት የለም። የዘገየ ዓመት ሙሉ ይታገዳል።

እናት ግን መጨረሻውን አልናገር አለች።

«ሰውየው ምን ሆነ?»

«ገና ነው። ዛሬ አራተኛው ፊደል ነው የጠፋው።»

«ለምንድን ነው የሚጠፋበት?»

«እሱ ያውቃል።»

ጠቅ... ጠቅ... ጠቅ...

ልጅ ጀርባውን ቀዝቃዛ ነገር የነካው መሰለው። ሳቅ አለ።

«እማዬ፣ እኔኑ አስፈራሽኝ እኮ።»

«አንተ ምን ቤት ነህ? ሰውየው ይፍራ እንጂ።»

የመጨረሻው ቀን ደረሰ። አምስት ሰዓት ሲሆን ጠራችው።

«ስልክህን አምጣ። ግን ልጄ... የዛሬውን አጠገቤ ቁጭ ብለህ ስማው።»

«እሰማዋለሁ።»

ስልኩን አስቀመጠና ወደ ወንበሩ ሄደ። ሽፋኑ ላይ የስሙን ቀለም ወርቃማ ማድረግ ነበረበት።

ከግድግዳው ወዲያ መኪናው ተረገጠ... ተረገጠ... ከዚያ ቀጥ አለ።

ለስድስት ሰዓት አሥር ደቂቃ ይቀራል። ጽሑፉን እንዳለ ገልብጦ ከፋይሉ ጫፍ ለጠፈው። ላከው።

«ሰማኸው?» አለችው።

«ሰማሁት እማዬ። ግሩም ነው።»

 እናት ተነሥታ መኪናዋን በጨርቅ ሸፈነችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ሸፍናው አታውቅም።

በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ አስተያየት ይጎርፍ ጀመር።

«ይሄ ነገር የምር ነው?»

«እናትህ ደህና ናቸው?»

«ወንድሜ... የራስህን መጽሐፍ አንብበኸዋል ግን?»

ልጅ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከፈተ።

«አንባቢዎቼ፣ አሥሩንም ያወራኋችሁ እኔ ነኝ። ታች ቤት ያለው ስልክ ጠጋኝ፣ መጽሐፍ ጮክ ብሎ የሚያነብ አሮጌ ስልክ ሰጥቶኛል። ዘጠኙንም አስገዝቼ ሰማኋቸው፣ ከሽፋናቸው ጀምሮ። የእኔ ስም አንዱም ላይ የለም።

ልጄን ዛሬ ቁጭ ብለህ ስማኝ ብዬዋለሁ። ከሰማኝ ይሄን ያጠፋዋል። እኔም ሌላ መጨረሻ እነግረዋለሁ፤ ይቅር ብዬዋለሁ፣ ስሙም ይሁንለት።

እናንተ ይሄን እያነበባችሁ ከሆነ ግን... አልሰማኝም ማለት ነው።»

ከሥሩ የእናቱ ሙሉ ስም አለ። አንድም ፊደል አልጎደለውም።

ስልኩን እንደያዘ እየሮጠ ክፍሏ ገባ። ከተሸፈነው መኪና አጠገብ ቁጭ ብላለች።

«እማዬ... ምን አደረግሽኝ?»

እጇን ዘረጋች። ዳብሳ ጣቱን ያዘችው። የስልኩ መስታወት ላይ አሳረፈችው።

«እዚህ ጋ ነው ልጄ» አለችው።

እሱ ዓይን አለው... አነበበው።

ወዳጆቼ፣ ጨረቃዋን አጋንኜ ሊሆን ይችላል፤ ይቺን ግን አላጋነንኩም። የሰው ድካም ሰርቆ መኖር የቻለ አለ። የተሰረቀውን ሰው ቃል መስማት የታከተው ግን፣ ይቅርታው አጠገቡ ተቀምጦ እንኳ ያልፈዋል።

እስቲ ልጠይቃችሁ... እናታችሁ መጨረሻ ስታናግራችሁ «እሺ፣ ሰምቻለሁ» ብላችሁ ነበር። ምን ነበር ያለቻችሁ? ቃል በቃል የምታስታውሱ ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ...