ስክሪኑ “ቫልቭ ተከፍቷል” ይል ነበር... ያጠጣችው ግን አሳየሽ ናት

“አሳየሽ! ከሥራ ከተሰናበትሽ ሦስት ሳምንት አለፈሽ እኮ... እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?”

ደነገጠች። በእጇ የውሃ ማጠጫ ይዛለች... ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ርሷል።

“ችግኝ ልትሰርቂ ነው?” አልኳት።

“ኧረ ወይዘሮ ትዝታ... ውሃ ይዞ የሚመጣ ሌባ አይተው ያውቃሉ?”

ዘበኛው ጋሽ ጩማ በሩ ላይ ሆኖ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሶዶ አጠገብ የአንድ የዝንጅብል ችግኝ ጣቢያ ኃላፊ ነኝ። አሳየሽ ስድስት ዓመት በእጇ ስታጠጣ ኖራለች።

ከዚያ እስራኤል የሚባል የሶፍትዌር ባለሙያ መጥቶ አንዲት ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ገጠመልን። ፓምፕም ሆነ ቫልቭ፣ ማለትም የውሃ መክፈቻና መዝጊያ፣ ማዘዝ የሚችል ዝግጁ ፕሮግራም ተጭኖባታል... በሰዓቱ ውሃ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች ተባልኩ። በዚያው ቀን የአሳየሽን የስንብት ደብዳቤ ፈረምኩ።

ቢሮዬ ያለው ስክሪን በየጠዋቱ “ቫልቭ ተከፍቷል” ይለኛል። ችግኙም አምሯል።

“መቶ በመቶ ተሳክቷል” ብዬ ለበላዮቼ ሪፖርት ላክሁ።

“ማሽኑ እያጠጣ አንቺ ምን አደከመሽ?” አልኳት።

“ማሽኑ አንድ ቀንም አላጠጣም። ዕቃዬን ልወስድ ስመጣ አፈሩ አመድ ሆኗል። ደወልኩልዎት እኮ...”

አስታወስኩ... “ስክሪኑ ተከፍቷል ይላል” ብዬ ስልኩን ዘግቼባታለሁ።

እስራኤልን ጠራሁት። ላፕቶፑን ከፍቶ አየ... አንገቱን ደፋ።

“እትዬ... ዕቃው ሳይገጠም ፕሮግራሙን የምንሞክርበት፣ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ያለ የውሸት ቫልቭ አለ። እውነተኛው ሲገጠም ትእዛዙን ወደ እሱ መቀየር ነበረብኝ... ረሳሁት።”

“ታዲያ ‘ተከፍቷል’ የሚለው ምኑን ነው?”

“ትእዛዙን ነው የሚያሳየው... ውሃውን አይደለም።”

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከኦቶና ሰፈር በእግሯ እየመጣች፣ ያለ ደመወዝ፣ የእኔን “መቶ በመቶ” ስታጠጣ የከረመችው ያባረርኳት ሴት ናት።

“ለምን አሳየሽ?”

“ችግኙ ምን አጠፋ?” አለችኝ።

እስራኤል በግማሽ ሰዓት አስተካከለው። አሁን ማሽኑ የእውነት ይሠራል... ዝም ብል ሪፖርቴን ማንም አይጠይቀኝም።

ሁለት ቀን ሪፖርቱን እንዳለ ተውኩት። እንቅልፍ ግን እምቢ አለኝ... ደከመኝ።

በሦስተኛው ቀን “ሪፖርቴ ሐሰት ነበር፤ ሠራተኛዋ ትመለስ” ብዬ ጻፍኩ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ መጣ... እሷም ሰኞ ተመለሰች።

“አሁን እሱ የሚያጠጣ ከሆነ እኔ ምን ልሥራ?” አለችኝ።

“ሲዋሽ ንገሪኝ።”

“ማን? ማሽኑ... ወይስ እርስዎ?”

አብሬያት ወደ ችግኙ ወጣሁ... አፈሩን በእጄ ነካሁ።

ወዳጆቼ... ያዘዝነው ሁሉ ሆኗል ማለት አይደለም። ከስክሪኑ በፊት አፈሩን የነካውን ሰው እንስማ።

እናንተስ... እውነቱን ሲነግራችሁ ስልክ የዘጋችሁበት ሰው አለ? ዛሬ ብትደውሉለት ምን ትሉታላችሁ?